ስለ አባባ ምላጭ ጀርባና ስለሚለጠፍበት ፕላስተር የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሠርጉ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው።

ቦታ፦ የቤተሰቡ ፀጉር ቤት፣ የወንዶች ክፍል፣ ከመስተዋቱ ፊት ለፊት።

ሰዓት፦ በግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል። የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደሚቀድም አባላት በሙሉ ያውቃሉ። ሆኖም ምክትል ሊቀመንበሩ በትክክለኛው ሰዓት ይጀመር ሲሉ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ሰዓቱን የሰቀሉት አባባ ስለሆኑ እሱ ያለው ይጸናል ስላሉ ክርክር ተደርጓል። ክርክሩ ሲያበቃ ትክክለኛው ሰዓት ስምንት ተኩል ሆኖ ስለተገኘ ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል።

የተገኙ፦

1. ሊቀመንበር፦ የፀጉር ቤቱ ኃላፊ፣ የአባባ የበኩር ልጅ፣ የጸሐፊዋ ታላቅ ወንድም። ፕላስተር የማይፈልጉ።

2. ምክትል ሊቀመንበር፦ የአባባ አማች፣ የጸሐፊዋ ባለቤት። በጋብቻ ወደ ፀጉር ቤቱ ከመግባታቸው በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩ። ፕላስተር የሚፈልጉ፤ ፕላስተሩም የራሳቸው።

3. ጫማ ሠሪው ጎረቤት፦ ምላጭ የምናመላልስበትን ቆዳ በስጦታ ሰጥተውን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለ ድምፅ አባል የሆኑ።

4. ጡረተኛው መምህር፦ ደንበኛ። ጺማቸውን ሊላጩ የመጡ።

5. አባባ፦ የክብር ሊቀመንበር፣ የፀጉር ቤቱ መሥራች፣ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት። በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተኝተው የተገኙ።

6. ጸሐፊ፦ የአባባ ሴት ልጅ፣ በጓዳው ክፍል የሴቶች ፀጉር የምትሠራ፣ የሙሽራዋ እናት። ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ የተመረጠች፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንባችን መሠረት አራት ድምፅ ያስፈልጋል። የተገኘው ሦስት ነበር። ሊቀመንበሩ የመምህሩን ቀኝ ጉንጭ ላጭተው ወደ ግራው ሲዞሩ ይህ ጉድለት ትዝ ስላላቸው፣ መምህሩ በተቀመጡበት አባል እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ አልፏል። መምህሩ ግራ ጉንጬስ ብለው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩም ስብሰባ እየመሩ ሰው መላጨት ለሁለቱም አደገኛ መሆኑን አስረድተው፣ ምላጩን አስቀምጠው እጃቸውን ታጥበዋል።

የስብሰባው ምክንያት፦

አባባ ከተላጩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። እሳቸው የሚላጩት በአንድ ምላጭ ብቻ ነው። ያሠለጠኗቸው ፀጉር አስተካካይ ለሠርጋቸው የሰጧቸው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ በወፍራሙ ጀርባ ላይ ቀጭን የወርቅ ቅብ ሐረግ የተቀረጸበት ምላጭ ነው። ይህ ምላጭ ከሦስት ሳምንት ወዲህ መላጨቱን ትቶ መንጨት ጀምሯል። በሌላ ምላጭ እንዲላጩ ቢለመኑ፣ «ከዚያስ በጥርሳችሁ ብትነቅሉልኝ ይሻለኛል» ብለዋል።

ነገ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የልጅ ልጃቸው ትዳራለች። ሙሽራዋ የአባባን ክንድ ይዛ ወደ አዳራሹ መግባት ትፈልጋለች። አባባ ግን ስድሳ ዓመት የሰው ጺም የላጨ ሰው የገዛ ጺሙን አንጨፍርሮ ሰው ፊት አይቆምም፤ እንዲህ ከሆንኩ ከቤት አልወጣም ብለዋል። አባባ ያሉትን ሲያጥፉ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ምላጩ ዛሬ ተስሎ ማደር አለበት።

አጀንዳ አንድ፦ ምላጭ ሲሳል ጀርባው ላይ ፕላስተር ይለጠፋል ወይስ አይለጠፍም?

ሊቀመንበሩ መድረኩን ለራሳቸው ሰጥተው የሚከተለውን አስረድተዋል። ይህ ዓይነቱ ምላጭ መሳያ ድንጋዩ ላይ ሲተኛ ጀርባውና ስለቱ እኩል ይነካሉ። ስለቱን ማዕዘኑን የሚያስይዘው ጀርባው ነው። ጀርባው በተበላ ቁጥር ስለቱም ይበላል፤ ሁለቱ አብረው ያረጃሉ። ሠሪው ይህን አስቦ ነው የሠራው። በመሃል ፕላስተር መለጠፍ ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርጎ ማዕዘኑን ያበላሻል፤ በባልና ሚስት መካከል እንደ መግባት ነው።

ምክትል ሊቀመንበሩ ባልና ሚስትም ቢሆኑ አንዱ ሌላውን ሲጨርስ ዝም ተብሎ አይታይም ሲሉ መልሰዋል። ድንጋይ ሐረግ አያውቅም፤ ያገኘውን ይበላል። ፕላስተር ቢለጠፍ ግን ድንጋዩ ፕላስተሩን ይበላል እንጂ ወርቁን አይነካም። እሳቸው በቀድሞ ሙያቸው ሃያ ዓመት ያለ ፕላስተር የነኩት ነገር የለም፤ በሕይወት ያሉትም ለዚህ ነው። ሊቀመንበሩ ምላጩ ኮረንቲ የለውም ብለዋል። ምክትል ሊቀመንበሩም «ኮረንቲ የለውም» ያሉ ብዙ ሰዎች እንደሚያውቁና ቀብራቸውም ላይ እንደተገኙ ገልጸዋል።

ጫማ ሠሪው ጎረቤት በዕድሜያቸው ያላዩት ክርክር መሆኑን ጠቅሰው፣ የጫማ ተረከዝ ሲበላ ምን ይደረጋል ሲሉ ጉባኤውን ጠይቀዋል። መልስ ሳይጠብቁም ቆዳ ይለጠፍበታል ሲሉ ራሳቸው መልሰዋል። ስለዚህ ለምላጩም ጀርባ ቆዳ ይለጠፍለት፤ ቆዳውን እሳቸው ይችላሉ። መምህሩ ስለ ቆዳው ውፍረት ጠይቀው በጣት ሲያሳዩዋቸው፣ ያ ከሆነ ምላጭነቱ ቀርቶ የበር ማጠፊያ ይሆናል ብለዋል። ጫማ ሠሪው ቅር ተሰኝተው ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ወደ ጎዳናው ነው።

መምህሩ የግራ ጉንጫቸው አረፋ እየደረቀ ስለነበር በቀኝ በኩል ባለው አፋቸው ብቻ ተናግረዋል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ጥያቄው ፕላስተር ጥሩ ነው አይደለም ሳይሆን አባባ ራሳቸው እንዴት ይስሉት ነበር የሚለው ነው ብለዋል። ጉባኤው ይህን ንግግር በአድናቆት ተቀብሏል።

ሊቀመንበሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ አባባን ሲያዩ እንዳደጉ፣ አባባ ድንጋዩን ከፊታቸው አስቀምጠው ውሃ ሲረጩበት በዓይናቸው በብረቱ እንዳዩ፣ አንድም ቀን ፕላስተር እንዳላዩ ምለዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ ደግሞ ገና እጮኛ ሳሉ አባባን ሊተዋወቁ የመጡ ቀን ምላጩን አንስተው ሲያዩ ጀርባው ላይ የሚያጣብቅ ነገር ጣታቸውን እንደያዘው፣ ያ ደግሞ የፕላስተር ሙጫ እንጂ ሌላ እንዳልነበረ ምለዋል። ሊቀመንበሩ ያ ቀን አማቻቸው ከረሜላ እየበሉ እንደመጡ አስታውሰዋል።

ጸሐፊዋ በዚህ ነጥብ ላይ የምታውቀው ነገር እንዳለ ገልጻ ለመናገር ፈቃድ ጠይቃለች። ሊቀመንበሩ «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» የሚለውን ደንብ ቁጥር ሰባት አስታውሰዋታል። ደንቡን ያረቀቁት ሊቀመንበሩ ናቸው። ጸሐፊዋ ጽፋለች።

አጀንዳው ለድምፅ ቀርቦ፣ መምህሩ ድምፅ ከመስጠት ስለተቆጠቡ፣ ሁለት ለሁለት ሆኗል። ጫማ ሠሪው ለሁለቱም ወገን እጃቸውን አውጥተው አንዱ እንዲሰረዝ ስለተነገራቸው የትኛው እንደሚሰረዝ ለማሰብ ጊዜ ጠይቀዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ አስታራቂ ሐሳብ

ጫማ ሠሪው አስበው ሲጨርሱ፣ ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን የአበው ቃል ጠቅሰው፣ ምላጩ ሁለት ጎን እንዳለው አመልክተዋል። አንደኛው ጎን ፕላስተር ተለጥፎበት ይሳል፤ ሌላኛው ጎን ሳይለጠፍበት ይሳል። መምህሩ በየትኛው ጎን የትኛው ጉንጭ እንደሚላጭ ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

ውሳኔ አንድ። የምላጩ ቀኝ ጎን በፕላስተር፣ ግራ ጎኑ ያለ ፕላስተር እንዲሳል።

ውሳኔ ሁለት። የአባባ ቀኝ ጉንጭ በምክትል ሊቀመንበሩ፣ ግራ ጉንጫቸው በሊቀመንበሩ እንዲላጭ። አገጫቸው ወደፊት በሚታይ ሁኔታ በይደር እንዲቆይ።

ይህ ውሳኔ ሲጻፍ አስቂኝ ይመስላል፤ ሲወሰን ግን የሳቀ አልነበረም።

ቀጥሎ የፕላስተሩ ቀለም ተነሥቷል። ምክትል ሊቀመንበሩ ያመጡት ጥቁር ነው። ሊቀመንበሩ ለሠርግ የሚሳል ምላጭ ጥቁር አይታሰርለትም፤ ነጭ ይሁን ብለዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ ነጭ ይሁን ማለት ራሱ ፕላስተር ይለጠፍ ማለት ስለሆነ ሊቀመንበሩ ሐሳባቸውን ቀይረዋል ሲሉ ደስታቸውን ገልጸዋል። ሊቀመንበሩ ሐሳባቸውን አለመቀየራቸውን፣ የማይለጠፈው ፕላስተር ነጭ ይሁን ማለታቸው መሆኑን አስረድተዋል። በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ሄዷል።

ውሳኔ ሦስት። ፕላስተሩ ነጭ እንዲሆን። ነጭ ፕላስተር በቤቱ ባለመኖሩ ጥቁሩ እንደ ነጭ እንዲቆጠር።

ጸሐፊዋ ለሁለተኛ ጊዜ እጇን አውጥታለች። ሊቀመንበሩ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ የምትናገሪው የባልሽን ነው ብለዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ በበኩላቸው ጸሐፊዋ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ከእሳቸው ጋር ተስማምታ እንደማታውቅ፣ እህትም የወንድሟን መናገሯ እንደማይቀር ገልጸዋል። ጸሐፊዋ ሁለቱንም ጽፋለች። አጥብቃ ነው የጻፈችው፤ ወረቀቱ ተቀዷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ምላጩ ስለምን አልቆርጥ አለ?

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ በፀጉር ቤት ውስጥ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚታይበት ጊዜ አለ። ምክትል ሊቀመንበሩ ስለ ፕላስተር ጥቅም ሲናገሩ፣ «ማክሰኞ ስስለው እኮ ሦስት ንብር ደራርቤ ነበር የለጠፍኩበት» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ ማን ፈቅዶልህ ነው ሲሉ ጠይቀዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ ከተያዙ ወዲያ መካዱን ስላልፈለጉት ሁሉንም ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ ምሳ በሄዱ ቁጥር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ምላጩን ከመሳቢያው አውጥተው ሲስሉ ቆይተዋል። አማታቸውን ለማስደሰት ፈልገው ነው። አንድ ንብር ፕላስተር አልሠራ ሲላቸው ሁለት፣ ሁለቱ አልሠራ ሲላቸው ሦስት አድርገዋል።

ሊቀመንበሩ ፊታቸው ተለዋውጧል። ጉባኤው ከንዴት መስሎት ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ እኔም እኮ ጧት ጧት ሱቅ ሳልከፍት ስስለው ነበር ብለዋል። ያለ ፕላስተር፣ በሻካራው ድንጋይ። አባባን ለማስደሰት ፈልገው ነው።

መምህሩ በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ጠይቀው፣ መልሱን በጣታቸው ቆጥረው ሲያበቁ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው በማግስቱ ሲያፈርስ ሦስት ሳምንት መሙላቱን ለጉባኤው አሳውቀዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሲሉም አክለዋል። ይህን ሲሉ የደረቀው አረፋ ከጉንጫቸው ተሰንጥቆ ወድቋል።

ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ እንደማይታመን፣ በቀለም እንደሚፈተን ተናግረዋል። ስለቱ ቀለም ይቀባል፤ ምላጩ አንድ ጊዜ ብቻ ድንጋዩ ላይ ይሄዳል፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ድንጋዩ የነካው ነው። ለዚህም የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ከእጇ ተወስዷል። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው በቅንድብ እርሳስ ነው።

የፈተናው ውጤት፦ ያለ ፕላስተር ሲሄድ ቀለሙ ከስለቱ ኋላ ለቀቀ፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ግን እንዳለ ነው። ድንጋዩ ስለቱ ጋር አልደረሰም። ሦስት ንብር ተለጥፎ ሲሄድ ደግሞ የለቀቀው ጫፉ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ጫፉም ደንዝዞ ወፍሯል። ምላጩ እንደ ደረጃ ሁለት መስመር አውጥቷል፤ አንዱ የወንድሜ፣ አንዱ የባለቤቴ።

ከዚያም ሊቀመንበሩ ምላጩን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከወርቁ ሐረግ ላይ ከጫፍ በኩል ሁለት ቅጠል የለም። ሻካራው ድንጋይ በልቶታል። በፎጣው ጠርገው እንደገና አዩት፤ ቅጠሎቹ አልተመለሱም። ምክትል ሊቀመንበሩ «እኔ ነግሬህ ነበር» የሚለውን ቃል ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘግተውታል። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ሲያደርጉ ጸሐፊዋ ያየችው ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ውሳኔ አራት። ምላጩን ማንም እንዳይነካው።

ውሳኔ አምስት። ምላጩ እስከ ነገ ጧት እንዲሳል።

ጫማ ሠሪው ሁለቱ ውሳኔዎች እንደማይስማሙ ወደ ጎዳናው ተናግረዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ ከምክትልነታቸውም ከአማችነታቸውም ለመልቀቅ ጠይቀዋል። ጉባኤው ከምክትልነት መልቀቅ እንደሚቻል፣ ከአማችነት መልቀቅ ግን በደንቡ ላይ እንደሌለ ገልጾ ሁለቱንም ሳይቀበል ቀርቷል።

ጸሐፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ እጇን አውጥታለች። ሊቀመንበሩ «እባክሽ እህቴ፣ አሁን ጊዜው አይደለም» ብለዋል።

ከአጀንዳ ውጪ የተነሣ ጉዳይ

በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ፀጉሯ በቢጎዲ እንደተጠቀለለ ከጓዳው ክፍል ወጥታለች። ከስብሰባው በፊት እናቷ «አምስት ደቂቃ» ብላት ነበር። ሙሽራዋ ባለ ድምፅ ባትሆንም ያስቆማት አልተገኘም። የተናገረችው ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ጆሮዬ አለ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔ አባባን ከነጺሙም እወስደው ነበር፤ እንቢ ያለው እሱ ነው። ነገ ብቻዬን ስገባ ሰው ሁሉ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ፕላስተር ላይ ተጣልተው ነው ልበል?»

ሙሽራዋ እንባዋ መጥቶ ነበር፤ የጸሐፊዋም እንዲሁ። መምህሩ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ ብለው፣ መፍትሔው ካለ ያለው ከባለቤቱ ዘንድ ስለሆነ አባባ ይቀስቀሱ ሲሉ ሐሳብ አቅርበዋል። የክብር ሊቀመንበርን መቀስቀስ ስለመቻሉ ደንቡ ሲገለጥ፣ አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናግረዋል።

«አትድከሙ። ከሁለተኛው አጀንዳ ጀምሮ ነቅቻለሁ። ጥቁሩ እንደ ነጭ ይቆጠር ስትሉ ነው መልሼ የጨፈንኩት።»

ሊቀመንበሩ ይቅርታ ጠይቀው፣ ስለ ሁለቱ ቅጠሎች ለመናገር ጀምረው ትተውት፣ በአጭሩ አባባ ምላጩን እንዴት ይስሉት እንደነበር ጠይቀዋል።

አባባ በሕይወታቸው ምላጭ ስለው እንደማያውቁ ተናግረዋል።

ጫማ ሠሪው ወንበራቸውን ወደ ውስጥ መልሰዋል።

አባባ የሚከተለውን ተናግረዋል። አንድም ሳይቀር እንዲመዘገብ ስላዘዙ ተመዝግቧል።

«ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ ይስልልኝ ነበር። የተዳርኩ ሳምንት እኔ ልሳለው ብዬ አበላሸሁት። እናታችሁ አየችኝ። ማታ ወስዳ ሳለችው። ከዚያ ወዲያ አርባ ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሱቁን ምላጭ ሁሉ የምትስለው እሷ ናት፣ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ። እኔ ሰኞ በኮቴ ኪስ ይዤ እመጣለሁ። ደንበኛው ‹እጅህ ይባረክ› ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ድንጋዩን እዚህ አስቀምጬ ውሃ የምረጭበት ሰው እንዲያይልኝ ነው። ከሞተች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ይቺን እሷ ለመጨረሻ ጊዜ የሳለቻትን ስለት ነበር በቆዳ እያባበልኩ፣ እያባበልኩ ያቆየኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት አለቀች። ይኸው ነው።»

ሊቀመንበሩ ታዲያ እኔን ያስተማርከኝስ ሲሉ ጠይቀዋል። አባባ እናታችሁ የነገረችኝን ነበር የምነግርህ፤ ፕላስተሩን ረስቼው ነው ብለዋል። ለሌሎቹ ምላጮች ባይለጠፍም ግድ የለውም፤ እሷም አትለጥፍም ነበር። ለዚህኛው ግን ሐረጉን ትሳሳለት ነበር፣ የሠርጋችን ነው ብላ። ስንት ንብር እንደምትለጥፍ ሲጠየቁም አያውቁም።

«ጸሐፊዋን ጠይቋት። ከእናቷ ጎን ቆማ ፕላስተሩን በጥርሷ የምትቆርጥላት እሷ ነበረች።»

ሊቀመንበሩ ታዲያ ለምን እስካሁን አልተናገርሽም ሲሉ ጸሐፊዋን ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ መልስ ከመስጠት ይልቅ ከዚሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት ቦታ አንብባላቸዋለች። ምክትል ሊቀመንበሩ «አግብቼሽ ሃያ ስድስት ዓመት! ይህን እንዴት አልነገርሽኝም?» ብለዋል። እሷም ጠይቀኸኝ አታውቅም ብላለች። እናቷ አደራ ብላት ነበር፤ የአባትሽን ስም ነው የምንጠብቀው እያለች።

ከዚህ በኋላ የጸሐፊዋ እጅ ሥራ ስለያዘ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። መምህሩ በራሳቸው ተነሣሽነት በዳርቻው ላይ የጻፉት ብቻ አለ፦ «አንድ ንብር። በጥርሷ ቆረጠችው። መሃል ላይ ሲሳሳ ልጣ ሌላ ለጠፈች። ቀለም ቀባች፣ ሳለች፣ አየች፣ ደግማ ቀባች። ሁለቱ መስመር አንድ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ውሃ እያቀበሉ ቆሙ። አንድም ጊዜ አልተጨቃጨቁም።»

ጸሐፊዋ በራሷ ላይ አንድ ነገር መጨመር ትፈልጋለች። ከእናቷ ጎን አንዳንዱን ምላጭ እየሳለች የተማረችበትን ድንጋይ ካስቀመጠችው ዓመት አልፎ ነበር። እጇ ይረሳዋል ብላ ፈርታ ነበር። እጇ ግን አልረሳም፤ የእናቷን አቀማመጥ ሳይቀር አስታውሶ ነበር።

አባባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተላጭተዋል። አረፋውን ምክትል ሊቀመንበሩ መቱት፣ ምላጩን በቆዳው ላይ ጫማ ሠሪው አመላለሱት፣ የላጩት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ቀኙንም ግራውንም፣ አገጩንም ጭምር። አባባ ጉንጫቸውን በእጃቸው መዳፍ ዳብሰው፣ «እሷው ናት» ብለዋል። ሙሽራዋ በዚያ ለስላሳ ጉንጭ ላይ ከነቢጎዲዋ ስማቸዋለች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦

ጉባኤው የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ሀ) ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ጥቁሩ ፕላስተር ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር ነው።

ለ) ደንብ ቁጥር ሰባት ተሽሯል።

ሐ) ይህ ስብሰባ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ በስብሰባው ላይ የተባለውም እንዳልተባለ ይቆጠራል። ሊቀመንበሩ ይህ አባባ ስለ ምላጩ የተናገሩትንም እንደሚጨምር፣ ስማቸው እንደነበረ እንዲቆይ በማሰብ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አባባ አልተቀበሉም። ሁሉም ይሻር፣ እሷ ግን አትሻርም ብለዋል። ስለዚህ ከዚህ ቃለ ጉባኤ የሚጸናው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በትልቁ ተጽፎ ከመስተዋቱ በላይ እንዲሰቀል ተወስኗል፦

በዚህ ቤት አርባ ዘጠኝ ዓመት ምላጭ ስትስል የኖረችው እናታችን ነበረች።

ስብሰባው በትክክለኛው ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል፣ በግድግዳው ሰዓት ለአሥራ ሁለት አሥራ ስምንት ጉዳይ ላይ ተበትኗል። መብራቱ ጠፍቶ በሩ ሊቆለፍ ሲል ከመካከለኛው ወንበር ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ስለተሰማ፣ መብራቱ እንደገና በርቶ የመምህሩ ግራ ጉንጭ ተላጭቷል።

ፊርማ፦

ሊቀመንበር

ምክትል ሊቀመንበር

ጸሐፊ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ያላት